ሲቆም የሚጠፋው ካርታ

መስከረም 22

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ጋሼ፣

የእናቴ ሰላምታ ከእኔ ይቀድማል። በደንብ ልበስ፣ በሰዓቱ ብላ፣ ከሰው ጋር አትከራከር ብላሃለች። ለእሷ የታናሽ ወንድምነትህ ዕድሜ አያውቅም። እኔ ደግሞ ጤናህን ይጠብቅልኝ፣ መንገድህን ያቅናልኝ ብዬ እጀምራለሁ። በስልክ ልነግርህ ነበር፤ ግን እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ እያንዳንዱን ቃል ታስደግመኛለች፣ አንተም ሥራ ስትገባ ስልክህን ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፋለህ። ስለዚህ እንደ ልማዳችን ረጅሙን በኢሜይል እጽፋለሁ።

ተቀጠርኩ። አንተ “እዚያ ሞክሪ” ባልከኝ ድርጅት፣ ታካሚዎችን ከቤታቸው ወደ ኩላሊት እጥበት በሚያመላልሰው። የማን ዘመድ እንደሆንኩ ትንፍሽ አላልኩም፤ “በችሎታሽ ግቢ እንጂ በዘመድ አትግቢ” ያልከኝን ይዤ ነው። ሥራ አስኪያጁ የዲግሪ ወረቀቴን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየና፣ “ኮምፒውተር ያጠናችሁ ልጆች ሁላችሁም አንድ ነገር ታውቃላችሁ፤ እሱም እኔ የማልፈልገው ነው” አለኝ። እሺ፣ የሚፈልጉትን ይንገሩኝ አልኩት።

የሚፈልገው ይኼ ነው። መኪኖቹ ማንን አስቀድመው፣ በየት በኩል ሄደው እንደሚያነሡ የሚነግራቸው የውጭ አገር የካርታ አገልግሎት ነበር። የታካሚዎቹ አድራሻ ሁሉ የት እንደሚሄድ ሳይታወቅ እየወጣ ስለሆነ ሆስፒታሉ ተቆጥቷል። “ይህን ነገር እዚሁ በራሳችን ማሽን ላይ ማድረግ ይቻላል?” አለኝ። ይቻላል አልኩ። ሲቻል አይቼ አላውቅም ነበር፤ አፌ ቀደመኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ። የላክህልኝን ማስነሻ ትእዛዝ አንድ ፊደል ሳልነካ ገልብጬ ለጠፍኩት፣ ሠራ። ለሁሉም ክፍት የሆነው ካርታና መንገድ ፈላጊው ፕሮግራም አንድ ላይ ኮንቴነር በሚሉት የሶፍትዌር ሳጥን ታሽገው፣ ከማሽኑ ሌላ ዕቃ ጋር ሳይነካኩ ለብቻቸው ይሠራሉ። ከዚህ ቤት እዚያ ቤት ብለህ ስትጠይቀው መንገዱን ይመልስልሃል። እትዬ ስምሪት አጨበጨበች። ስምሪት ክፍል ውስጥ ብዙ ዘመን ከመቀመጧ የተነሣ ሥራዋ ስሟ ሆኗል፤ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

እናቴ ለጎረቤት ሁሉ “ልጄ ኮንቴነር ውስጥ ሥራ ጀመረች” ብላ አውርታለች። ባለሱቋ ጎረቤታችን ደግሞ “አይክፋሽ፣ ከኮንቴነር ተነሥቶ ስንቱ ፎቅ ሠርቷል” ብላ አጽናናቻት። ላስረዳት ሞክሬ ትቼዋለሁ።

አሁን ሥራዬ ካርታውን ማረም ነው። ካርታው ደረጃውን የመኪና መንገድ ይለዋል፤ የተሰበረውን ድልድይ ደህና ነው ይላል። እርማቱን የት ላስቀምጥ፦ እዚያው ኮንቴነሩ ውስጥ ወይስ ከውጭ በሌላ ፋይል?

የእህትህ ልጅ

ጥቅምት 19

ለምሩቋ፣ ለእህቴ ልጅ፣

የያዝሽው ይባረክልሽ፣ ያሰብሽው ይድረስልሽ፤ ጠላትሽ ከእግርሽ ሥር ይዋል። እኔ ደህና ነኝ። የምሠራበት አዳራሽ ከሰው ይልቅ ማሽን ይበዛበታል። በአንዱ ረድፍ ብርድ፣ በሌላው ረድፍ ሙቀት ይነፍሳል፤ ጉንፋኑ ግራ ገብቶት እስካሁን አልያዘኝም። ጆሮአችንን ደፍነን ስለምንውል ባልደረባዬን የማውቀው በድምፁ ሳይሆን በከንፈሩ ነው። የሞተ ዲስክ ነቅዬ ደህናውን እተካለሁ፤ ቀብርም ክርስትናም በአንድ ፈረቃ ማለት ነው።

እናትሽ ጉልበቷ እንዴት ነው? ደረጃ አትውጣ በያት።

ስለ እርማቱ፦ ከውጭ አታስቀምጪ። ፋይል እዚህም እዚያም መበተን የጀማሪ አሠራር ነው። ሁሉም እዚያው ኮንቴነሩ ውስጥ ይሁን፤ ንጹሕ አሠራር እሱ ነው። ማስነሻ ትእዛዙንም አትነካኪው፣ እንደላክሁልሽ ይቆይ።

ሥራ አስኪያጁን በደንብ አልገለጽሽልኝም። ወፍሯል? አሁንም በሽቶ ይታጠባል? ሰው እያዋራ ሰዓቱን ያያል? መስኮቱ ወደ መንገድ ነው ወይስ ወደ ጓሮ የሚያየው? ሰው ማየት ተማሪ፤ ካየሽ በኋላ ደግሞ ጻፊልኝ።

አጎትሽ

ኅዳር 9

ለጋሼ፣

ሰላምህ ይብዛ፤ ብርዱም ሙቀቱም ተስማምተው ይተዉህ። የእናቴ ጉልበት እንደ አየሩ ነው። “ደረጃ አትውጪ ብሏል” ስላት “ታዲያ መጥቶ ቤቱን ወደ ምድር ያውርድልኝ” አለችኝ።

ሽቶውን ከየት አወቅኸው? እኔ አልጻፍኩልህም። እውነትም ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ቢሮ ይገባል፤ እሱ ከወጣም በኋላ ቆይቶ ይሠራል። ሰዓቱን ያያል። መስኮቱ ወደ መንገድ ነው። ይበቃሃል?

እኔ ግን ቢሮ አልውልም። ከጋሽ ፍሬን ጋር መኪና ውስጥ ነኝ። ፍሬን ያሉት በዕድሜው አንድም መኪና ቀድሞ ስለማያውቅ ነው። እዚህ መኪኖቹ የየሹፌሮቹ ናቸው፤ ድርጅቱ ሥራውን ይሰጣቸዋል እንጂ መኪና የለውም። በየመንገዱ እየዞርን ካርታው የዋሸበትን ሁሉ እይዛለሁ። የድልድዩ አንድ ጎን ወርዷል፤ እግረኛ ይሻገርበታል፣ መኪና አይሻገርበትም፤ ካርታው ግን ዋና መንገድ ብሎ ሁሉንም በዚያ ይልካል። ዘጋሁት። ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ የምትኖር ሴትዮ አለች፤ መኪና ቅያሱ ውስጥ ከገባ መዞሪያ የለውም። መቆሚያውን ቅያሱ አፍ ላይ አደረግኩት። ከሁሉ የደከምኩበት ግን ኮረኮንቹ ነው። ሰው ከእጥበት ሲመለስ አቅም የለውም፤ ካርታው አቋራጭ ብሎ በድንጋይ መንገድ ሲልካቸው እያስመለሳቸው ነው ቤታቸው የሚደርሱት። ስለዚህ በኮረኮንች መንገድ ሁሉ ላይ ፍጥነቱን ዝቅ አደረግኩት፤ መንገድ ፈላጊው ዘገምተኛ መስሎት ይሸሸዋል። ለመሄጃ አንድ ዓይነት፣ ለመመለሻ ሌላ ዓይነት። ትናንት አንዲት ታካሚ ስትወርድ “ዛሬ መንገዱን አሳጥራችሁት ነው?” አለች። አስረዝመነው ነበር። ቀኑን ሙሉ ሳቅ ሳቅ አለኝ።

ሁሉም እንዳልከኝ ኮንቴነሩ ውስጥ ነው።

ጋሽ ፍሬን በመስታወቱ ደጋግሞ ያየኛል። “ይህን አፍንጫ እዚህ ግቢ ውስጥ አይቼዋለሁ” አለኝ። “የእኔ ነው፤ ያለ እኔ የትም አይሄድም” አልኩት። ሳቀ፣ ግን ማየቱን አልተወም።

የእህትህ ልጅ

ታኅሣሥ 2

ጋሼ፣

ጤናህን ሳልጠይቅ ስለምጀምር ይቅር በለኝ።

ትናንት የሆስፒታሉ ሰዎች ሥራውን ሊያዩ መጡ። እኔ የታጠበ ሸሚዝ ለብሼ፣ የምናገረውን አጥንቼ ቆሜያለሁ። ባለሽቶው ተነሣና፣ “ይህ ሥርዓት የእኔ ልጅ ነው፤ እንቅልፌን ሰውቼ ነው የሠራሁት” አለ። ኮምፒውተሩን የሚያበራው ሌላ ሰው ነው ጋሼ፤ እሱ ማብሪያውን አያውቀውም። የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ጠንቃቃ ሴት ናት፤ “ድልድዩ መሰበሩን በምን አወቀ?” አለችው። “ብልህ ነው፣ ራሱ ይማራል” አላት።

“እሱ አልተማረም፣ እኛ ነን” ብዬ አፌን ስከፍት ወደ እኔ እንኳ ሳይዞር “ልጄ፣ ለእንግዶቹ ውሃ” አለ።

ውሃውን አመጣሁ። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። አመጣሁ እኮ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ቢሮው ጠራኝ። “የሙከራ ጊዜሽን በሚገባ ጨርሰሻል። ሥርዓቱ ራሱን ችሏል። ወደ አዲሱ ሕንፃ እስክንዛወር ቆዪ፤ ከዚያ በኋላ አንፈልግሽም” አለኝ።

“እኔስ?” አልኩት።

“አንቺም ራስሽን ቻዪ” አለኝና ሰዓቱን አየ።

አሁን የማስበውን ልንገርህ። ኮንቴነሩ እጄ ላይ ነው። የግል መኪናው ወደ ቤቱ መንገድ በጠየቀ ቁጥር በቆሻሻ መጣያው በኩል እልከዋለሁ። አደባባዩን ሦስቴ አዞረዋለሁ። ሚስቱ ምሳ አብስላ እስኪበርድ ድረስ ኮረኮንች ለኮረኮንች አንገጫግጨዋለሁ። ቂም የተማርኩት ትናንት ነው፤ ግን ታውቀኛለህ፣ ትምህርት ቶሎ ይገባኛል። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለአንተ ብቻ ነው። ምን ላድርገው?

የእህትህ ልጅ

ታኅሣሥ 3

የእህቴ ልጅ፣

ደብዳቤሽ በደረሰኝ በማግስቱ፣ ፈረቃዬን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ነው የምጽፍልሽ። አይዞሽ። እንባሽን ያብስልሽ፤ ያስለቀሰሽንም ቁጭ አድርጎ ያስለቅሰው።

ምንም እንዳትነኪ። ቆሻሻ መጣያ፣ አደባባይ፣ ይህ የልጅ ቂም ነው፤ ወዲያው ይታወቅብሽና በደለኛዋ አንቺ ትሆኛለሽ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። አንቺ አትሳዪ።

አሁን ስሚኝ። በላክሁልሽ ማስነሻ ትእዛዝ መሀል አንዲት አጭር ቃል አለች። ኮንቴነሩ በቆመ ጊዜ በውስጡ የተጻፈውን ሁሉ ይዞ ይጥፋ የምትል ናት። እየሠራ እስካለ ድረስ ምንም አይሆንም፤ መብራት ቢጠፋም ባትሪው ያቆየዋል። ሲዛወሩ ግን ማሽኑን ማጥፋታቸው አይቀርም። አዲሱ ሕንፃ ደርሰው ሲያስነሡት የሚነሣው ያ የመጀመሪያው ካርታ ነው፤ ድልድዩን የማያውቀው፣ ኮረኮንቹን የማያውቀው። “የእኔ ልጅ ነው” ያለውን ልጅ በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ያንቺ ጣት የለበትም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ያን ዕለት እዚያ ሁኚ። ፊቱን እይልኝ። መጀመሪያ የሚለወጠው ዓይኑ ነው ወይስ ከንፈሩ? ላቡ ከየት ይጀምራል? አንድ ነገር ሳትዘይ ጻፊልኝ።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 11

ለጋሼ፣

ጤናና ሰላም ላንተ ይሁን።

ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ። ቤት ገብቼ በራሴ ላፕቶፕ ላይ ሞከርኩት፤ ያንኑ ትእዛዝ ሰጥቼ አስነሣሁት፣ አንድ መንገድ አረምኩ፣ አቆምኩት። ጠፋ። እንደ ጤዛ። እንደገና ሳቅኩ። እናቴ ከወዲያ “ምን አገኘሽ?” አለችኝ።

ከዚያ ሳቁ አለቀ። ትእዛዙን የላክህልኝ በመስከረም ነው። ሰውዬው የበደለኝ በታኅሣሥ መባቻ ነው። በመስከረም እኮ ማንም አልበደለኝም ነበር።

“ከውጭ አታስቀምጪ” ያልከኝ። “ንጹሕ አሠራር” ያልከኝ። “የማን ዘመድ እንደሆንሽ አትናገሪ” ያልከኝ። ሽቶው።

በማግስቱ ጋሽ ፍሬንን “አፍንጫው የማን ነው?” አልኩት። መኪናውን ዳር አቆመው፤ ለመቆም እንኳ እሱ አይቸገርም። ድርጅቱን የጀመራችሁት አንተና ባለሽቶው እንደሆናችሁ የነገረኝ እሱ ነው። በአንድ መኪና፣ በሩ ላይ የሁለታችሁ ስም ተጽፎበት። አንድ ቀን ባለሽቶው እየነዳ ሰው ገጨ። ከዚያ በፊትም ገጭቶ ስለነበር ሁለተኛው እንደማይታለፍለት ያውቃል። አንተ “እኔ ነበርኩ የምነዳው” አልክ። እሱ ደግሞ “ወንበርህ ይጠብቅሃል” አለህ። ታስረህ ስትወጣ በሩ ላይ አንድ ስም ብቻ ነበር። ጋሽ ፍሬን ያቺን መኪና ገዝቷታል ጋሼ። ለካ ስዞርባት የከረምኩት በእሷ ነው። በሩን በጣቴ ዳበስኩት፤ ከቀለሙ ሥር የተፋቀው ፊደል ይሻክራል።

“ታዲያ አንተ ለምን ዝም አልክ?” አልኩት።

“የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ግን ቆሜ ያየሁ ነኝ፤ ያየ ሰው ልጆች ካሉት ይረሳል” አለኝ።

እናቴ ለምን ከአገር እንደወጣህ ስትጠየቅ አሁንም “እግሩ አልቀመጥ ብሎት” ነው የምትለው።

ተበድለሃል። አልቅሼልሃለሁ። ግን የእኔን ሥራ ገና ሳይወለድ መቃብሩን ነው የቆፈርክለት። ኮረኮንቹን ስጽፍልህ፣ የሴትዮዋን ቅያስ ስጽፍልህ፣ ለእሳት የሚሆን እንጨት እየለቀምኩልህ እንደሆነ ታውቅ ነበር። ታካሚዎቹስ? አዲሶቹ ሹፌሮች ስልኩ ግቡ ያላቸው ቦታ የሚገቡ ልጆች ናቸው። ድልድዩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ አስበሃል?

ባለሽቶው ሥራዬን የሰረቀኝ ካለቀ በኋላ ነው። አንተስ? ይህን ብቻ መልስልኝ።

የእህትህ ልጅ

ጥር 4

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለቤታችሁ። መልሱ የዘገየው ፈረቃዬ ተቀይሮ ነው። የሥራ ልብስም ቀይረውልናል፤ ብርዱን አይችለውም። እናትሽ ጉልበቷን በሞቀ ውሃ ትያዘው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፍሬን ድሮም ፍሬን የሚያጣው ወሬ ላይ ነው። ያለፈ ነገር በደብዳቤ አይጻፍም። ስለ ሹፌሮቹ አትስጊ፤ ድልድይ በዓይን ይታያል።

ያንቺ ቂም ገና እሸት ነው። ትኩስ ነው፣ ደስ ይላል፣ ቶሎ ያልቃል። የእኔ ጎተራ ገብቶ ከርሟል። ስለዚህ ምክሬን ስሚ፦ እርማቱን ገልብጠሽ እንዳታወጪው። ብታወጪው እሱ ይደርስበትና ይድናል። እሱን አዳንሽው ማለት ደግሞ እኔን… ይህን አልጨርሰውም፣ ይገባሻል።

አንድ ነገር ጨምሬ እለምንሻለሁ። ያን ዕለት ማን እንደሆንሽ መጠየቁ አይቀርም። ሲጠይቅሽ ስሜን ንገሪው። ሙሉ ስሜን፣ ሰው ፊት፣ ጮክ ብለሽ። ከዚያ ፊቱን እይ።

ይህን ለእናትሽ አታንብቢላት።

አጎትሽ

ጥር 6

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዝውውሩ ጥር 20 ነው። እገኛለሁ። የእናቴ ጉልበት ተሽሎታል፤ ሰላም ብላዎታለች።

የእህትዎ ልጅ

ጥር 21

የእህቴ ልጅ፣

ምነው አንቱ አልሽኝ? አጎትሽ እንጂ ቀበሌ ነኝ እንዴ? እሺ፣ ይሁን፣ ተቆጪ። ትናንት ግን ጥር 20 ነበር። ምን ሆነ? ስልኬን ቁም ሳጥን ውስጥ አልቆለፍኩም፤ አለቃዬ አይቶ ጮኸብኝ፣ ግድ የለም። ጻፊልኝ። ሁለት መስመር ይበቃኛል።

ጥር 27

ደህና ነሽ? እናትሽ ደህና ናት? ስደውል “ደህና ነን፣ እሷ ሥራ ላይ ናት” ትለኛለች። የምን ሥራ? ተባረሽ የለም እንዴ?

ጠፋ? አየው? ስሜን ነገርሽው? ስድብም ቢሆን ጻፊልኝ። ፊቱን ብቻ ንገሪኝ፣ ሌላውን ተይው። ይህን ያህል ዘመን ጠብቄ ሳበቃ በአንቺ ዝምታ ልሙት?

አጎትሽ

የካቲት 10

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎን ይስጥልን፣ ደጅዎን ይጠብቅልን። የእናቴ ሰላምታ እንደ ወትሮው ከፊት ነው። የሆነውን ልጻፍልዎ፤ የድርሻዎ ያህል።

ከዝውውሩ በፊት እርማቱን በሙሉ ከኮንቴነሩ ገልብጬ አወጣሁት። የታካሚዎቹን አድራሻ አልነካሁም፤ እኔና ጋሽ ፍሬን የለቀምናቸውን መንገዶች ብቻ። በራሴ ላፕቶፕ ላይ አዲስ ኮንቴነር አስነሣሁ፤ ካርታውን ግን ከውጭ፣ ኮንቴነሩ ቢጠፋ በማይጠፋበት ቦታ አስቀመጥኩት። ያቺን አጭር ቃል ሰረዝኳት። ላፕቶፑን የሹፌሮቹ መጠለያ ውስጥ፣ ከጎማዎቹ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አኖርኩት።

ከዚያ ባለሽቶው ዘንድ ገባሁ። ሳልነግረው ቢጠፋበት ኖሮ የእርስዎን መንገድ መሄዴ ነበር። “ማሽኑን ከማጥፋትዎ በፊት ያነጋግሩኝ፤ ውስጡ ያለው ሊጠፋ ይችላል” አልኩት።

“ራሱን ችሏል ተባብለን የለም እንዴ?” አለኝ።

“አዎ፣ ተባብለናል” አልኩ። እትዬ ስምሪት በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች።

ጥር 20 ማለዳ ማሽኑን አጠፉት፣ ተሸክመው ወሰዱት። በዚያ ጠዋት እትዬ ስምሪት መኪኖቹን ያሰማራችው በእኔው ላፕቶፕ ነው። አንድም ታካሚ አልዘገየም፣ አንድም መኪና ድልድዩ ጋ አልሄደም።

በአዲሱ ሕንፃ የሆስፒታሉ ሰዎች ተቀምጠዋል፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን አለ። ባለሽቶው ራሱ እንዲያስነሣው ሰው አስተምሮታል፤ አስነሣው። ካርታው መጣ። አስተዳዳሪዋ “እስቲ ከእኔ ቤት ሆስፒታል ድረስ” አለች። መስመሩ ቀጥ ብሎ ድልድዩ ላይ ወጣ።

“ይህ ድልድይ እኮ ወድቋል። ባለፈው ያውቅ ነበር” አለች።

“ሥርዓቱ እየተማረ ነው” አላት።

ጋሽ ፍሬን ከበሩ፣ “የተማረውን ረስቶ?” አለ። ሰው ሳቀ። አስተዳዳሪዋ አልሳቀችም። “ታዲያ ዛሬ ጠዋት መኪኖቹ በምን መጡ? ሁሉም በሰዓቱ ነው የደረሱት” ብላ ጠየቀች።

“በልጅቷ” አለች እትዬ ስምሪት።

ባለሽቶው ወደ እኔ ጠጋ አለና በጥርሱ መሀል “አስተካክዪው” አለኝ። እኔም ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ “እርስዎ የሠሩትን እኔ እንዴት እነካዋለሁ?” አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። አስተዳዳሪዋ መጠለያው ድረስ መጥታ ጎማው አጠገብ ቆማ ላፕቶፑን አየችው። ስለ ኮረኮንቹ ስነግራት አባቷ ከእጥበት ሲመለስ ያስመልሰው እንደነበር ነገረችኝ። የሆስፒታሉ ሰዎች ውል ገና አልፈረሙልንም፣ “እናያለን” ነው ያሉት። ሹፌሮቹ ግን ባለሽቶውን ትተው ማኅበር እያቋቋሙ ነው፤ እትዬ ስምሪት ወንበሯን ሳይቀር ይዛ መጥታለች። አሁን መኪናው የሹፌሮቹ፣ መንገዱ የእኔ፣ ሽቶው የእሱ ነው። እናቴ የነገረችዎ ሥራ ይህ ነው። መጀመሪያ ያረምኩት የእርስዎን ትእዛዝ ነው፤ ከእንግዲህ የሰው ትእዛዝ ሳላነብ አልለጥፍም።

“ስሜን ነገርሽው?” ብለውም ጠይቀውኛል። ባለሽቶው ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን አገኘኝ። ትኩር ብሎ አየኝ። “የማን ልጅ ነሽ?” አለኝ።

ስምዎ አፌ ላይ ነበር። ሙሉው። አንድ እስትንፋስ ብቻ ነው የቀረኝ። ግን ብነግረው እፎይ ይል ነበር፤ “ለካ ከዚያ ነው የመጣብኝ” ብሎ የድሮ ዕዳ የከፈለ ይመስለው ነበር። እርስዎም ከዚያ የማሽን አዳራሽ ውስጥ ሆነው ያሸነፉ ይመስልዎት ነበር። እኔ ደግሞ እንደገና በሁለታችሁ መሀል ውሃ ያመላለስኩ ልጅ እሆናለሁ።

“የእናቴ” አልኩት።

ፊቱን አየሁት። በደንብ፣ ከቅርብ፣ ያለ ማንም። መጀመሪያ የተለወጠው ምኑ እንደሆነ፣ ላቡ ከየት እንደጀመረ፣ ሰዓቱን ሊያይ እጁን አንሥቶ ምን እንዳደረገ አውቃለሁ። እርስዎ የጠየቁኝን ሁሉ አውቀዋለሁ። ለእርስዎ ግን አልጽፈውም፤ በዚህም ሆነ በሌላ ደብዳቤ፣ በስልክም አልነግርዎትም፣ ከመጡም በአካል አልነግርዎትም። ጋሽ ፍሬን አላየም፤ እትዬ ስምሪት አላየችም። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ብርዱ አይጠናብዎ።

የእህትዎ ልጅ